ሞኒተር በኢንች ብቻ አይገዛም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለቤት የሚሆን ትልቅ ሞኒተር እንዴት እንደሚመረጥ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ምክር ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን የምንተዳደር ሰዎች አንብበነዋል። ጉዳዩን ማንሳታችሁ መልካም ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚጽፈው፣ የሚማረው፣ ሒሳብ የሚሠራው ሰው በዝቷል። ነገር ግን ጽሑፉ ኪስ እስከፈቀደ ድረስ ትልቁን ኢንች ግዙ ብሎ መምከሩ፣ ኮምፒውተሩን ከስክሪኑ የሚያገናኘውን ገመድም ማንኛውም ኤችዲኤምአይ (የተለመደው የምስል ገመድ) ይበቃል ብሎ ማለፉ አንባቢን የሚያስከስር ነው። ሁለቱም እርማት ይገባቸዋል።

ኢንቹ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ያለውን ርዝመት ነው የሚናገረው። ስንት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንደተደረደሩበት አይናገርም። 1920 በ1080 የሆነ ባለ 24 ኢንች ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ፒክስል ይይዛል። ያንኑ 1920 በ1080 ወደ 27 ኢንች ቢለጥጡት 82 ይቀራል፤ ወደ 32 ኢንች ቢወስዱት 69። ሊጥ ሳይጨምሩ ምጣድ ማስፋት በሉት። 2560 በ1440 የሆነው ባለ 27 ኢንች 109 ይደርሳል። 4ኬ የሚባለው፣ ማለትም 3840 በ2160 የሆነው፣ በ27 ኢንች 163፣ በ32 ኢንች 138፣ በ43 ኢንች ደግሞ 102 ገደማ ይይዛል። ሻጩ ኢንቹን ሲነግራችሁ የስፋቱንና የቁመቱን የፒክስል ቁጥርም ይንገራችሁ፤ ካላወቃቸው ከጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ስም አንብባችሁ በስልክ ፈልጉት።

ይህ ነገር የአማርኛ አንባቢን ከላቲን ፊደል አንባቢው ይበልጥ ይነካዋል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትናንሽ ቅጥያ ነው። ቡ ከቢ የሚለየው ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር ሥር በመውጣቷ ነው፤ ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ የምትለየው አናት ላይ ያለች ጭረት ናት። ዊንዶውስ በ100 ፐርሰንት፣ ማለትም ምንም ሳያጎላ፣ ሲያሳይ በ11 መጠን የተጻፈ ፊደል ከላይና ከታች ካለው ባዶ ቦታ ጋር የሚደርሰው 15 ያህል ፒክስል ቁመት ነው። ከዚያ ላይ ቅጥያዋ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ፒክስል ታገኛለች። እንደ ኒያላ ባለ ቀጭን ፎንት ከሆነ ደግሞ ጭረቷ ግራጫ ሆና ትደበዝዛለች፤ አንባቢው ቃሉን የሚለየው በዓይኑ ሳይሆን በግምት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲያርም የሚውል ሰው ማታ ዓይኑን የሚያሻሸው አንድም ለዚህ ነው። 4ኬ ስክሪን ላይ በ150 ፐርሰንት ሲያሳዩት ያው ፊደል 22 ፒክስል ያገኛል። መጠኑ ለዓይን ሳያንስ ጠርዙ ይጠራል። ለእኛ የከፍተኛ ጥራት ስክሪን ትልቁ ጥቅም ፊልሙ ሳይሆን ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ርቀት ነው። ጤናማ ዓይን ፒክስሎቹን ለያይቶ ማየት የሚያቆመው ባለ 24 ኢንቹ 1920 በ1080 ላይ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ነው። ባለ 27 ኢንቹ 2560 በ1440 ላይ 80፣ በ32 ኢንች 4ኬ 63፣ በ27 ኢንች 4ኬ 54 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። 1920 በ1080 የሆነውን ባለ 32 ኢንች የገዛ ሰው ግን 1 ሜትር ከ27 ያህል መራቅ አለበት፤ እዚያ ርቆ ደግሞ ፊደሉን ማንበብ ይከብደዋል። አሁን ሜትር አንሡና ጠረጴዛችሁን ለኩ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሞኒተሩ መቆሚያ ስክሪኑን ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያርቀው፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ 60 ገደማ ነው። ለዚህ ጠረጴዛ 27 ኢንች ልክ ነው። 32 ኢንች ስፋቱ 71 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ አለዚያ ዳር ዳሩን ለማየት አንገት ሲዞር ይውላል። 43 ኢንቹ 95 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ እሱን ከ85 ሳንቲ ሜትር አቅርቦ ጽሑፍ መሥራት አይመከርም። የሳሎን ቡፌ ላይ ሰቅሎ ከታች ሆኖ መሥራትም እንዲሁ፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ከዚያም ዝቅ ያድርጉት፤ በታችኛው መስታወት ለማየት አገጫቸውን እያነሡ አንገታቸው ይደነዝዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ወደሚያጣበት ጉዳይ እንምጣ። ሞኒተሩ 4ኬ ስለሆነ ብቻ ኮምፒውተሩ 4ኬ አይልክም። 4ኬን በሰከንድ 60 ጊዜ እያደሱ ለማሳየት ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት (ሌላው የምስል ማገናኛ) 1.2 ያስፈልጋል። የቆየው ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ 30 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ጊዜ፣ ላይ ይቆማል። በ30 ሄርዝ ምስሉ ይመጣል፣ ፊደሉም ይጠራል፤ ግን ማውሱ እየዘለለ ይሄዳል፣ ገጹን ወደ ታች ስታወርዱት እየተቆራረጠ ይወርዳል። ገዢው ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ ሻጩ ደህና ነው ብሎ ይከራከራል፤ ሞኒተሩ ደግሞ እውነትም ደህና ነው።

ኤችዲኤምአይ 2.0 የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ኢንቴል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባው ብዙ ቆይቶ ነው። ከ6ኛ እስከ 9ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸውና የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች በኤችዲኤምአይ ቀዳዳቸው 4ኬን የሚያወጡት በ30 ሄርዝ ወይም ከዚያ በታች ነው። እነዚያው ማሽኖች ግን በዲስፕሌይ ፖርት 60 ይሰጣሉ። ስለዚህ ያገለገለ ቲንክፓድ ወይም ኤሊትቡክ ያለው ሰው መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎን ይመልከት። አንዱ ጥጉ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለ ዲስፕሌይ ፖርት ነው፤ ትንሿ ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ናት። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት የሚገባ ገመድ መግዛት ከሁሉ ይቀላል፣ ከሁሉም ይረክሳል።

ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። እዚህም ተንኮል አለ። ተራው መቀየሪያ 4ኬን ቢያሳልፍም 30 ላይ ነው የሚያቆመው፤ አክቲቭ የሚባለውና በ4ኬ 60 ሄርዝ የሚል የተጻፈበት መሆን አለበት። መቀየሪያ የሚሠራውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደውን ገልብጦ ቢሰኩት ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

ዩኤስቢ ሲ ያላቸው ላፕቶፖችስ? ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም። አንዳንዱ ፋይል ለማስተላለፍና ኃይል ለመሙላት ብቻ ነው። ቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ ተስፋ አለው፤ ምልክት ከሌለ የሞዴሉን ዝርዝር ማንበብ ይሻላል። ብዙ ነገር በሚሰካበት ርካሽ ማከፋፈያ በኩል ካለፈ ደግሞ መስመሩን ፋይልና ምስል ይካፈሉታል፤ 4ኬው 30 ላይ ይወርዳል። ምስልና ኃይል በአንድ ዩኤስቢ ሲ ገመድ የሚሰጥ ሞኒተር ጥሩ ነገር ነው፤ ላፕቶፑ 65 ዋት የሚፈልግ ከሆነ ሞኒተሩም ቢያንስ ያንን ያህል መስጠቱን አረጋግጡ።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ 60 አልመጣ ካለ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ክፈቱ። ብዙ ሞኒተሮች ኤችዲኤምአዩን በ1.4፣ ዲስፕሌይ ፖርቱንም በ1.1 አድርገው ይመጣሉ፤ ከሜኑ ውስጥ ወደ 2.0 ወይም 1.2 ማዞር ብቻ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ የሚላከው ምስል 3840 በ2160 እና 60 ሄርዝ መሆኑን እዩ።

ገመዱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ለ4ኬ 60 ሄርዝ የሚሆን ገመድ በሰከንድ 18 ጊጋቢት መሸከም አለበት። ማሸጊያው ላይ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ የሚል ይፈለግ። እስከ 2 ወይም 3 ሜትር ባለው ችግር የለም፤ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ተራ የመዳብ ገመድ ስክሪኑን በየጊዜው ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ሊያጠፋው፣ ወይም እንደ አሸዋ የሚብለጨለጭ ነጥብ ሊበትንበት ይችላል። ገመዱን ሳይቀይሩ ሞኒተሩን ማስፈታት የተለመደ ስህተት ነው።

ኮምፒውተሩ 4ኬን በ60 የሚልክበት ምንም መንገድ ከሌለው አትጨነቁ። 2560 በ1440 የሆነው ባለ 27 ኢንች በኤችዲኤምአይ 1.4ም ቢሆን 60 ሄርዝ ይሠራል፤ ብዙ የማስፋት ጣጣም የለበትም። እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው የቤት ሥራ በቂው እሱ ነው። 4ኬው የሚገባው ብዙ ለሚያነብና ለሚጽፍ፣ ፎቶ ለሚያርም፣ ማሽኑም ለሚችልለት ሰው ነው። ሞኒተሩ ዳታ ይበላል ወይ ለሚሉም፣ ዳታ የሚበላው በ4ኬ የምትከፍቱት ቪዲዮ ነው፤ ከዩቲዩብ ማስተካከያ ወደ 1080 ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

በሞኒተር ፋንታ ቴሌቪዥን መግዛት ይቻላል ብላችኋል። ይቻላል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ብዙ ቴሌቪዥን ለፊልም ሲባል የቀለሙን መረጃ ቆርጦ ነው የሚያሳየው። በፊልም አይታወቅም፤ በጽሑፍ ግን ወዲያው ይጋለጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ገጽ ከፍታችሁ በቀይ ፊደል ጥቂት መስመር ጻፉ። ፊደሉ ጠርዙ ከተቀባባና ከታጠበ ልብስ እንደወጣ ቀለም ከፈሰሰ ቀለሙ ተቆርጧል ማለት ነው። መፍትሔው ከቴሌቪዥኑ ሜኑ ገመዱ ለገባበት ቀዳዳ የሚሰጠውን ስም ፒሲ ማድረግ፣ የቀዳዳውን የዩኤችዲ ቀለም ማብራት፣ ዳር ዳሩን የሚቆርጠውን ማስፊያ አጥፍቶ ምስሉን በልኩ ማድረግ፣ ሻርፕነሱን ማውረድ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፊደሉ ካልጠራ ያ ቴሌቪዥን ለሥራ አይሆንም። ጌም ሞድ ካለው አብሩት፤ ማውሱ ከእጃችሁ ዘግይቶ መሄዱን ይቀንሳል።

ቴሌቪዥንም ሆነ ሞኒተር፣ ሳጥኑ ላይ 4ኬ የሚል ጽሑፍ አይብቃችሁ። 4ኬን ይቀበላል ማለትና ራሱ 4ኬ ነው ማለት ይለያያሉ፤ 4ኬ ተቀብሎ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ጨፍልቆ የሚያሳይ አለ። ኮምፒውተሩም ሊታለል ይችላል፤ ስክሪኑ የነገረውን ነውና የሚያምነው። በሱቁ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ፈተና እነሆ። ፔይንት ከፍታችሁ ስፋቱ 2፣ ቁመቱ 2 ፒክስል የሆነ ሥዕል ፍጠሩ። አጉልታችሁ የግራውን ዓምድ ጥቁር ቀቡት፣ የቀኙን ነጭ ተዉት። በፒኤንጂ ዓይነት ፋይል አስቀምጡት፤ በጄፔግ ከሆነ ይበላሻል። ዊንዶውስን ወደ 3840 በ2160 እና ወደ 100 ፐርሰንት አምጡት። ከዚያ ያቺን ሥዕል የዴስክቶፕ ጀርባ አድርጋችሁ አቀማመጡን ታይል በሉት። መላው ስክሪን በአንድ ፒክስል ጥቁርና በአንድ ፒክስል ነጭ መስመር ይሞላል። ራቅ ብሎ ላየው ግራጫ ይመስላል፤ ስለዚህ የስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አስጠጉት ወይም አጉሊ መነጽር ተጠቀሙ። እኩል እኩል የተደረደረ ጥርት ያለ መስመር ካያችሁ ስክሪኑ እውነተኛ ነው። ሰፋ ያለ ማዕበል መሰል ጥላ ወይም መስመር የሌለው ግራጫ ካያችሁ ብራችሁን ወደ ኪስ መልሱ።

እዚያው እያላችሁ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ሙሉ ስክሪን እያደረጋችሁ የሞተ ፒክስል ፈልጉ። 4ኬ ስክሪን 8,294,400 ፒክስል ስላለው አንድ ሁለት ቢሞት አምራቾቹ እንደ ጉድለት ላይቆጥሩት ይችላሉ፤ መሀል ላይ ከሆነ ግን እናንተ ናችሁ በየቀኑ የምታዩት። ብርሃኑን ወደ 20 ፐርሰንት አውርዳችሁ ደግሞ በስልክ ካሜራ እዩት፤ ጥቁር መስመር እየተንከባለለ ከታየ የስክሪኑ የውስጥ መብራት በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው፣ ራስ ምታት ያለበት ሰው ይተወው። ስለ ስክሪኑ ዓይነት ብዙ አንልም፦ ለትልቅ ስክሪን አይፒኤስ ይሻላል፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ አይለወጥም፤ ቪኤ ጥቁሩ ይጠልቃል፤ ቲኤን በ27 ኢንች አይገዛም።

ቤት ከገባ በኋላ 27 ኢንቹን 4ኬ 150፣ 32 ኢንቹን 125 ወይም 150 ፐርሰንት አድርጉት። እንደ ፓወር ግእዝ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ይደበዝዛሉ፤ ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም፣ ዊንዶውስ ትንሹን ምስል እየለጠጠ ስለሚያሳያቸው ነው። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ ግቡ፤ የታችኛዋን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ ሲስተም ኤንሃንስድ የሚለውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

መብራትን በተመለከተ፣ ሞኒተር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ስታቢላይዘር ዝቅና ከፍ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ ድንገተኛውን ምት ሁሉ አያስቆምም። 27 ወይም 32 ኢንች ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዋት ስለሚወስድ፣ አቅሙ 650 ቪኤ (ቮልት አምፔር) የሆነ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ከላፕቶፕ ጋር ሥራ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ከጠጋኝ ወንበር የሚታይ አንድ ምክር ጨምሩበት፦ ሁለት እኩል ሞኒተር ከቀረበላችሁ ኃይል ማስተላለፊያው በውጭ የሆነውን፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለውን ምረጡ። ሲቃጠል ቮልቱ፣ አምፔሩና የጫፉ ዓይነት የሚገጥም ሌላ ገዝቶ መተካት ነው። በውስጡ ያለው ግን ሞኒተሩን መፍታት ይጠይቃል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ጠጋኝ አታድክሙ፤ መለዋወጫው ከአዲስ ሞኒተር የማይተናነስ ዋጋ ነው ያለው።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል የምታስቡ፣ ከጀርባው ያሉት አራት ብሎኖች ርቀት 100 በ100 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለኩ። የጭቃ ግድግዳ ክንድ ያለው ማንጠልጠያ አይሸከምም፤ ብሎኑ ከምሰሶው እንጨት ላይ ካልገባ ከነጭቃው ይወርዳል። ብሎኬት ከሆነ ለባዶ ብሎኬት የሚሆን ፊሸር ይፈልጋል።

ሞኒተሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በሳጥኑ ሆኖ ቆሞ ይጓዝ፣ ፊቱ ወደ ታች ተደርጎ ዕቃ አይጫንበት። በደሴው የጦሳ ተራራ ጉም ቀዝቅዞ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ዕቃ ላቡ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። በየቤታችን ደግሞ ቡና ሲፈላ እጣን አይቀርም፤ የእጣን ጭስ ስክሪኑ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። እሱን በንጹሕ ውሃ እምብዛም ባልረጠበ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ፣ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥረጉት። አልኮልና የመስታወት ማጽጃ የስክሪኑን ልባስ ሊልጡ ይችላሉ።

በሚቀጥለው እትም ቦታ ከጠበባችሁ ሌላውን ተዉትና የገመዱንና የ30 ሄርዙን ነገር ብቻ አርሙልን፤ ከመጠገኛ ጠረጴዛችን ላይ ደህና ሞኒተር ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው ይቀንስልናል።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
ከደሴና ከኮምቦልቻ